እናቴን ፍርሃት ያስተማርኩባቸው ቅዳሜዎች

እንጀራዬ ፍርሃት ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ ፈሪ መሆኔን በትሕትና የነገርኩት ይመስለዋል። እሱም ሐሰት አይደለም፤ እኔ ግን ማለቴ ደሞዝ የሚከፈለኝ ፍርሃትን ለማጥናት ነው። ዲላ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ባለ ግቢ፣ ስለ አንጎል አስተምራለሁ። ፍርሃት አንጎል ውስጥ የት እንደሚያድር፣ ጭንቀት ከፍርሃት በምን እንደሚለይ፣ ትዝታ እንዴት እንደሚጻፍና እንዴት እንደሚፋቅ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። እነሱም እስከ ፈተናው ቀን ድረስ በቃላቸው ይዘውት ይቆዩና፣ በማግስቱ ትዝታ እንዴት እንደሚፋቅ በተግባር ያሳዩኛል።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ የመጣሁ ሰሞን እናቴ ምን እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። እናቴ ጨለለቅቱና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ሠላሳ ዓመት ያህል በጤና ረዳትነት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። በዚያ አካባቢ ከተወለደው ሰው ብዙው መጀመሪያ ያየው ፊት የእሷን ነው። ሰዉ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ ጡረታ መውጣቷን የሚያውቀው ጡረታዋን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

«ፍርሃትን ነው ያጠናሁት» አልኳት።

«ስንት ዓመት?»

«ሁለት።»

ትንሽ አሰበችና «ፍርሃት ደግሞ ትምህርት ቤት አለው?» አለች። «ሕፃን እንኳ ሲወለድ ይችለዋል። እኔው ነኝ የምቀበለው፤ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው።»

የሁለት ዓመት ልፋቴ በዚህ ተገመገመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገምጋሚ አጋጥሞኛል፤ እንደ እሷ ባጭሩ የጨረሰኝ ግን የለም።

ጥናቴን የሠራሁት በአይጥ ነበር፤ ዲላ ከመጣሁም በኋላ በእሱው ቀጠልኩ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነጫጭ አይጦች እናረባ ነበር። ከተማው በሙሉ የአይጥ መርዝ ሲገዛ እኛ የአይጥ ቀለብ እንገዛለን። የግቢው ጥበቃ ጠዋት ጠዋት በር ሲከፍትልኝ፣ «ቲቸር፣ እኔ ቤት ያሉትን ባመጣቸው አይሆንም? ቀለባቸውን ራሳቸው ይችላሉ» ይለኝ ነበር።

የሙከራው አሠራር ቀላል ነው። አይጧን ወለሉ ብረት በሆነ ሣጥን ውስጥ እናስገባታለን። ድምፅ እናሰማታለን፤ ወዲያው ከእግሯ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንለቃለን። ይህን ጥቂት ጊዜ እንደጋግመዋለን። በማግስቱ ድምፁን ብቻ እናሰማታለን፤ ንዝረት የለም። አይጧ ባለችበት ድርቅ ትላለች። አትሸሽም፣ አትጮኽም፣ ጢሟ እንኳ አይንቀሳቀስም። ያን ጊዜ ተመራማሪዋ፣ ማለትም እኔ፣ ስንት ሰከንድ ደርቃ እንደቆየች ትለካና ደስ እያላት ትመዘግባለች። መሣሪያው ግን ብዙ አልቆየም። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ ልማዱ ከነቁጣው ተመለሰና አቃጠለው። አዲስ መሣሪያ እንዲገዛ ደብዳቤ ጻፍን፤ ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ አይጦቹ በእርጅና አለቁ። የመጨረሻዎቹ በኑሯቸው ምንም ሳይፈሩ የሞቱ አይጦች ናቸው።

አልዛይመርንም አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ አንጎል እስላለሁ፤ ሥዕሌ ከአንጎል ይልቅ ጥቅል ጎመን ይመስላል። ከጎመኑ ውስጥ በባሕር ፈረስ ስም የሚጠራውን ክፍል አሳያቸዋለሁ። የዕለቱን ውሎ ወደ ትዝታ የሚቀይረው እሱ ነው፤ በሽታውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚያ አካባቢ ነው። አጠገቡ የለውዝ ፍሬ የምታክል ሌላ ክፍል አለች፤ ፍርሃትን በዋናነት የምትይዘው እሷ ናት። «ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግን አንዷ የምታውቀውን ሌላው ላያውቅ ይችላል» እላቸዋለሁ። ከዚያ የበሽታውን መነሻ ምልክቶች አስጽፋለሁ። ፈተና ላይ ሁልጊዜ ይመጣል፤ አምስት ምልክት ጥቀሱ። አንዱን የዘለለ ተማሪ ማርክ ይቀነስበታል። በዚህ ነገር ቀልድ አላውቅም።

እናቴ አንድ ቀን በስልክ «መቼ ትመጫለሽ?» አለችኝ። «ቅዳሜ» አልኳት። ስለ ዝናቡ ትንሽ አወራንና «መቼ ትመጫለሽ?» አለች። ነገርኳት። ልንሰነባበት ስንል ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ፤ እኔም ኔትወርኩን ረገምኩ። ሌላ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ጠፍቷት ሰው እጇን ይዞ ቤት አስገባት። ሁሉም ስለሚያውቃት ወሬ ይዟት ነው አልኩ። መነጽሯ ስኳር ዕቃ ውስጥ ሲገኝ፣ መነጽር የት መቀመጥ እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ የለም አልኩ።

አብራት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከጓሮ ያለውን ቡናና እንሰት የምትንከባከበው እሷ ናት። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆመችው።

«አክስቴ ልክ አይደለችም» አለችኝ አንድ ቀን ደውላ።

«ዕድሜ ነው» አልኳት።

«ዕድሜማ ለእኔም አለኝ» አለች።

ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ማመካኛ ነበረኝ። እንዲህ የመለሰልኝን ተማሪ ዜሮ ሰጥቼ አባርረው ነበር።

ማመካኛ ያለቀብኝ በደም ግፊት መለኪያዋ በለካችኝ ዕለት ነው። እናቴ ያቺን መለኪያ ጡረታ ስትወጣ ሠራተኞቹ አዋጥተው ሸልመዋት ነበር። እኔ ቤት በመጣሁ ቁጥር ሳልቀመጥ ነው የምትለካኝ። ያን ቅዳሜም ክንዴን ጠቅልላ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች። «ደህና ነሽ። አይጥ ለሰው ይስማማል ለካ» አለች። ሳቅኩ። መለኪያዋን ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችና ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ክንዴን አየች። ተነሣች፤ ሣጥኑን ከፈተች፤ ለካችኝ። «ደህና ነሽ። አይጥ ለሰው ይስማማል ለካ» አለች፤ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ። የአክስቴ ልጅ ከበሩ ላይ ቆማ እኔን ታያለች። ለሦስተኛ ጊዜ ለካችኝ። በአራተኛው መለኪያውን ሁለት ጊዜ ነፋችና ግንባሯን ቋጠረች።

«ግፊትሽ ጨምሯል። ምን አስፈራሽ?» አለች።

ፍርሃትን ስንት ዓመት እንዳጠናሁት ታውቃላችሁ። ለአምስተኛ ጊዜ እንድትለካኝ ክንዴን ዘረጋሁላት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ደሟን መረመሩ፤ ሊታከም የሚችል ሌላ ምክንያት እንደሌለ አረጋገጡ፤ በመጨረሻም ሐኪሙ የበሽታውን ስም በጥንቃቄ ነገረኝ፤ ሰምቼው የማላውቅ ይመስል። እኔም ሰምቼው እንደማላውቅ ሰው ደግሞ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት።

የእኔ ቢጤ የተማረ ሰው ከባድ ነገር ሲገጥመው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ፕሮፖዛል ይጽፋል። ሌላው ሰው ያለቅሳል፣ ይጸልያል፣ ዘመድ ይሰበስባል። እኔ ትዝታቸው የደከመ አረጋውያን ላይ ስለሚታይ ፍርሃትና ጭንቀት አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አንብቦት በጣም ወደደው።

«ሰዎቹን ከየት ታመጫቸዋለሽ?» አለኝ።

«ለሙከራ ያህል ከአንድ ሰው እጀምራለሁ።»

«ማን ነው?»

«ጨለለቅቱ ያለች አንዲት ጡረተኛ» አልኩት። ሐሰት አልነበረም።

ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ይዤ ሄድኩ። እናቴ ሳታነብ ፈረመች። «ልጄ ነሽ፣ ምን ልታደርጊኝ ነው?» አለች። እኔም ፊርማዋን ቀይ ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ያ ፋይል በላስቲክ የሚዘጋ ነበር፤ ሲከፈት ላስቲኩ «ጧ» ይላል።

ትዝታዋን የምለካበት መጠይቅ ከውጭ የመጣ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ኮሚቴ ነበር፤ ኮሚቴ መሆኑ ያስታውቃል። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ወቅት ነው። ከአራቱ ወቅቶች አሁን የትኛው እንደሆነ ተጠየቀች።

«ዝናብ ነው» አለች እናቴ።

«ከአራቱ ምረጪ።»

«እዚህ የሚዘንብበትና የማይዘንብበት ነው ያለው። የማይዘንብበትም አንዳንዴ ይዘንባል። እሱን ጻፊ።»

እሱን የምጽፍበት ሣጥን አልነበረም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አሁን ያለነው ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» የሚል ነው። ቤታችን ከጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። እናቴ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ዞር ብላ በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ምን አለች?» አልኩ።

«ሳትነግሩኝ ፎቅ ሠራችሁ ወይ ነው የምትለው።»

ከሁሉ የከፋው ሰዓቱ ነበር። ክብ ሥላ ቁጥሮቹን እንድትሞላና አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር እንድታሳይ ነው ትእዛዙ። «የጠዋት ወይስ የማታ?» አለች። መመሪያው ፍንጭ አትስጪ ይላል። ክቡን ሣለች፣ ትንሽ ቢንጋደድም። ቁጥሮቹን ሞላች። አጭሩን ቆጣሪ አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ አሳረፈችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው የተወለደበትን ሰዓት ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ እያነበበች የጻፈችው እንዲሁ ነው፤ አምስት ላይ ያለ ቆጣሪ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ይህን አገር ሁሉ ያውቃል። የመልስ ቁልፉ ግን አገር ሁሉ የሚያውቀውን አያውቅም። ስሕተት ብዬ ሞላሁ። የአንጎል ተመራማሪ ነኝና ሕሊናዬን ከመመሪያው ማስቀደም አይገባኝም ነበር።

ቋንቋውም የራሱ ጉድ ነበረው። እናቴ ለትምህርት ብላ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ዲላ፣ አጎቷ ቤት አኑራኝ ስለነበር እኔ ያደግሁት በአማርኛ ነው። ጌዴኦኛዬ ሰባት ዓመቱ ላይ እንደቆመ ነው፤ ውኃ መጠየቅ እችላለሁ፣ ማልቀስ እችላለሁ፣ ከዚያ አያልፍም። የእናቴ አማርኛ ደግሞ በኋላ የመጣ፣ የሥራ አማርኛ ነው። በሽታው በኋላ የመጣውን አስቀድሞ እየወሰደው ነበር። እኔም አንደበቷ ውስጥ እየፈረሰ ባለው ቋንቋ እየጠየቅኩ፣ መልስ ስታጣ ትዝታዋ ነው ብዬ እመዘግብ ነበር።

በየቅዳሜው ሄድኩ። ከዲላ ሚኒባስ ይዤ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ ወዲያ በተገኘው። ፋይሉን አወጣለሁ፤ ላስቲኩ ጧ ይላል፤ ሦስት ቃል እነግራታለሁ፤ ፖም፣ ጠረጴዛ፣ ሳንቲም። ፖም ጨለለቅቱ ምን ሲያደርግ እንደመጣ ኮሚቴው ያውቃል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሳ እንድትነግረኝ እጠይቃለሁ። አንዱንም አታገኘውም። ያን ጊዜ ፊቴን ታያለች፤ መልሱን ከፊቴ ላይ ልታነብ። ሕፃን ሆኜ እኔ እንደዚያ አያት ነበር። እኔ ግን መመሪያው እንዳዘዘኝ ፊቴን ድንጋይ አድርጌ እጠብቃለሁ። እናቴ እጆቿን ታሻለች፤ ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ከንፈሯ ይደርቃል። በአራተኛው ቅዳሜ አንገቷን ደፍታ፣

«ይቅርታ፣ ሲስተር» አለችኝ።

እሷን ነበር ሰው ሲስተር የሚላት። ይህን የምጽፍበት ሣጥንም አልነበረም። «ጭንቀት፤ መካከለኛ» ብዬ ሞላሁ።

እኔም በበኩሌ ጤነኛ ሆኜ አልቀረሁም። ዲላ ስመለስ የቢሮዬን ቁልፍ ያስቀመጥኩበት ከጠፋኝ ቁጭ ብዬ ሰዓት እስላለሁ። ባጃጅ ውስጥ ፖም፣ ጠረጴዛ፣ ሳንቲም እያልኩ ለራሴ እለፈልፋለሁ። ሾፌሩ አንዴ በመስታወት አይቶኝ «ገበያ ልትሄጂ ነው እንዴ?» አለኝ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ስደርስ እናቴ ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ ትፈለፍል ነበር። ደህና ነበረች። ስሜን አላለችም፤ ግን ስታየኝ ፊቷ በራ፤ አጠገቧ ያለውን በርጩማ ሳበችልኝ። የአክስቴ ልጅም አብራት ትፈለፍላለች። ቦሎቄ እየፈለፈልን ቆየን፤ እናቴ በጌዴኦኛ መዝሙር ታንጎራጉራለች። መዝሙሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ስንኝ አልጎደለበትም። ከዚያ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ እጄን አግብቼ ፋይሉን ሳላወጣ ላስቲኩን ሳብኩት። ጧ አለ።

መዝሙሩ መሐል ላይ ተቆረጠ። እጇ አንድ የቦሎቄ ቅርፊት እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ዓይኗ ፊት ለፊት ተተከለ፤ አይርገበገብም። ትንፋሿ አጠረ። አልሸሸችም፣ አልጮኸችም። እኔም ልነግራችሁ የሚያሳፍረኝን አደረግሁ፤ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ስንት ዓመት የለመድኩት ነገር ነውና ሳላስበው ቆጠርኩ። አሥራ አራት ላይ ስደርስ ምን እየቆጠርኩ እንዳለሁ ገባኝ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለች፤ እጇ አሁንም አየር ላይ ነው።

ፋይሉን አወጣሁላት። «ይህን ታውቂዋለሽ?»

ትክ ብላ አየችው። «አላውቀውም። አይቼው አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር። አምስት ቅዳሜ ፊቷ ከፍቼው አንዱንም አታስታውስም። የቦሎቄውን ቅርፊት ግን ጨምድዳ ይዛው ነበር።

የአክስቴ ልጅ ቅርፊቱን ከእጇ ላይ ቀስ ብላ ወሰደችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈችላት። «ያ ነገር ጧ ሲል እንዲህ ትሆናለች። ባለፈው ጊዜም፣ ከዚያ በፊትም» አለችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የተማርሽ አይደለሽ? ታውቂዋለሽ፣ ለዚህ ነው የምታደርጊው ብዬ ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ትችት ደርሶብኛል፤ ይህችን የምታህል ግን አልመጣችም። ደግሞም ልጅቷ ልትተቸኝ አልነበረም፤ የምታምነውን ነው የተናገረችው።

ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ነገሩን አገላበጥኩት። ሣጥን፣ የብረት ወለል፣ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ መሣሪያ፣ ያን ሁሉ ደብዳቤ ጽፌለት ያላገኘሁትን ውጤት በአንድ ላስቲክ አግኝቼዋለሁ። ድምፁን አሰማኋት፤ ከድምፁ በኋላ ልጇ ፊት ማፈርን ሰጠኋት፤ እንዲህ አድርጌ ደጋገምኩት። ትዝታዋ የተፈጠረውን ሁሉ ጣለው፤ ፍርሃቷ ግን ያዘው። አሳፋሪው፣ ይህን ሳይንሱ ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር፤ ምን እንደደረሰበት የማያስታውስ ሰው ስሜቱ እንደሚቆይበት አስተምረዋለሁ እኮ። ጎረቤታሞች ናቸው እላለሁ ሰሌዳው ላይ። እናቴን ግን ሰሌዳው ላይ ሥያት አላውቅም ነበር።

ሰኞ ለኃላፊው ነገርኩት፤ የማን እናት እንደሆነች ሳልነግረው። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ።

«ይሄማ ውጤት ነው! ቆጥረሻል?»

«አሥራ አራት ሰከንድ።»

«ሌላ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሚውና ለዓመቱ የጥናት ጉባኤ እናቀርበዋለን» አለኝ።

አልዋሽም፤ ቢሮዬ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ርእሱንም ጻፍኩ፤ ጥሩ ርእስ ነበር። ከዚያ «ተሳታፊ፤ ሴት፣ ጡረተኛ፣ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ያላት» ብዬ ጻፍኩና አንዷ ልጅ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ተሳታፊዋ ከጥናቱ መውጣቷን ለኃላፊው አሳወቅኩ። የሚሞላ ቅጽ አለ ተባለ፤ አለ እንጂ። የመውጫ ምክንያት ይላል፤ ምርጫዎቹ መኖሪያ መቀየር፣ ሞት፣ ፍላጎት ማጣት ናቸው። ከሦስቱ አንዱም አልሆነልኝምና ከጎኑ በእጄ «ፈርታ» ብዬ ጻፍኩ።

ኃላፊው አነበበው። «ምኑን ነው የፈራችው?»

«እኔን።»

ከቅጹ ላይ ቀና አለ። «ምንሽ ናት?» አለ።

«እናቴ ናት።»

ብዕሩን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ፈረመና፣ «የእኔም አባት እንዲሁ ነበር። እኔ ግን ሥራ ይበዛብኝ ነበር» አለ። ስለ ጉባኤው ዳግመኛ አላነሣም።

ፋይሉን መጣል ቀላሉ ሥራ ነበር። ፍርሃት ከአንጎል አይፋቅም፤ በላዩ ላይ ሌላ ነገር እየተጻፈ ነው የሚደክመው፤ ይህም ጊዜ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለ ፋይል ስሄድ እናቴ ቦርሳዬን አይታ ፊቷን አዞረች። በሌላው ቅዳሜ ቦርሳውንም ትቼ በባዶ እጄ ሄድኩ፤ አሁንም ስቀመጥ እጆቿን ማሻሸት ጀመረች። የምፈራው ነገር ቦርሳው ሳይሆን እኔ ራሴ ድምፁ ሆኜ እንዳይሆን ነበር። የአክስቴን ልጅ ምን ላድርግ አልኳት።

«ምንም አትጠይቂያት። ሥራ ያዢ» አለችኝ።

ሥራ ያዝኩ። ቦሎቄ ፈለፈልኩ፤ የእንሰት ቅጠል ተሸከምኩ፤ ቡና ሲደርስ ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቼ ለቀምኩ፤ አረንጓዴውንም ስለምለቅም ከሥራው ተባረርኩ። ጌዴኦኛ እንዲያስተምሩኝ ጠየቅኳቸው። የዕቃ ስም እጠይቃለሁ፤ እናቴ ትነግረኛለች፤ እኔ ስደግመው ሁለቱም ይስቃሉ። የተናገርኩት ምን እንደሆነ ስጠይቅ የአክስቴ ልጅ «ለሽማግሌ የሚነገር አይደለም» ትለኛለች። ሳምንት ስመለስ ረስቼው እገኛለሁ። እናቴ መርማሪ ብትሆን ዜሮ ልትሰጠኝ ይገባ ነበር፤ እሷ ግን የቃሉን መጀመሪያ በከንፈሯ ትሠራልኛለች፤ ፍንጭ አይሰጥም የሚል መመሪያ አልደረሳትም። ስንት ሳምንት እንደፈጀ አልቆጠርኩም፤ መቁጠር ትቼ ነበር። አንድ ቅዳሜ ስደርስ እጆቿን አላሻሸችም።

ከዚያ ወዲህ በሽታው ቆመ ማለቴ አይደለም። እየሄደ ነው። የአማርኛዋ ዓረፍተ ነገር አጥሯል፤ አንዳንድ ቀን እህቷ እመስላታለሁ፣ አንዳንድ ቀን አብራት የሠራች ነርስ። የማስተካከሉን ነገር ትቼዋለሁ፤ እህት መሆንም መልካም ነው።

በቅርቡ፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከታች በኩል ያለ ጎረቤት ሚስቱን ደግፎ ግቢያችን ገባ። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጥ ይዟታል። አምቡላንስ ተጠርቶ እስኪመጣ ልጅቷ በፍርሃት ትንፋሽ አጥሯት «ሲስተር ጋ ውሰዱኝ» ብላ ነው። የአክስቴ ልጅ በሩ ላይ ተቀብላ «ሲስተር አሟታል እኮ፣ አትችልም» ትላለች። እኔም ላግዛት ተነሣሁ። እናቴ ግን ቀድማን ወጥታ ነበር። ልጅቷን አንዴ አየቻትና እጇን ልትታጠብ ዞረች። እስከ ክርኗ፣ ጥፍሮቿን እየፈተገች፣ ረጅም ጊዜ ታጠበች። ከዚያ ልጅቷን ጥላ ሥር በጎኗ አስተኛቻትና መዳፏን ሆዷ ላይ አደረገች።

በጌዴኦኛ ነው ያናገረቻት፤ ዝግ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ግማሹን ሰማሁ። አሁን ተንፍሺ፤ አሁን ጠብቂ፤ ይኸው ሄደ። ምጡ ሲመጣ እጇን ትይዛታለች፤ ሲሄድ ትለቃታለች። የዕለቱን ስም ጠዋት ሁለት ጊዜ የጠየቀችኝ ሴት ናት። የልጅቷ ትከሻ ቀስ በቀስ ወረደ፤ ፊቷ ላብ እንደሆነ ዓይኗ ግን ረጋ። ባልየው ተጨንቆ፣ አምቡላንሱ ከዘገየ በሞተር ልውሰዳት አለ። እናቴ ቀና ሳትል በአማርኛ መለሰችለት።

«ሞተር አይሆንም። መኪና ይመጣል። አንተ ጫማህን አስተካክል፣ ግራና ቀኙ ተገልብጧል።»

አምቡላንሱ መጣ። እናቴ እስከ መኪናው አደረሰቻት፤ አብራ ለምትሄደው ባለሙያ ያየችውን ነገረቻት፤ ልጅቷም በሰላም ደርሳ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተገላገለች። ባልየው ደውሎ ሲነግረን እናቴ ከደጃፉ ተቀምጣ ነበር።

«ሴት ልጅ ተወልዳለች» አልኳት።

«እሰይ። የማን?»

«የጎረቤታችን። አንቺ ነሽ እኮ ያረጋጋሻት።»

«እኔ አላየሁም» አለች። ግን ፊቷ ያን ቀን ሙሉ የተለየ ነበር፤ ታንጎራጉራለች፣ ሳንጠይቃት ትስቃለች። ትንሽ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች። «ዛሬ ደስ ብሎኛል» አለች። «ምን ሆኜ ነው?»

«ሥራ ውለሽ ነው» አልኳት።

እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «ለካ ለዚያ ነው የደከመኝ» አለችና እግሯን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች።